«ቅበሯት» ያለው ሰው

እትዬ ይታይሽ ከዚያ ቀን በፊት ደውለውልኝ አያውቁም። ቁጥሬ እጃቸው ላይ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ጎንደር ፒያሳ፣ የምሠራበት የሞባይል ዕቃ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ከአንዲት ገበያተኛ ጋር ስጨቃጨቅ ስልኬ ጮኸ።

«እመቤት ነሽ?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ይታይሽ ነኝ፣ የድብ ባሕሯ። ወንድሜ ጓዴ አረፈ። ዛሬ ጧት።»

ሌላ ነገር ሊጨምሩ ጀምረው መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ብደውል፣ አይገባም። ገበያተኛዋን «ውሰጂው፣ እንዳልሽው ይሁን» አልኳትና ሱቁን ለባልደረባዬ ጥዬ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረርኩ።

መናኸሪያው ጭር ብሏል። ተራ አስከባሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«ወደ ደባርቅ የሚወጣ?»

«መንገዱ ዛሬ ዝግ ነው።»

«ለቀብር ነው እኮ!»

«ለሰርግም ቢሆን ዝግ ነው።»

«መቼ ይከፈታል?»

«እኔ ነኝ እንዴ የዘጋሁት?» ብሎ ወደ መፋቂያው ተመለሰ።

እኛ አገር ጧት የሞተ ከሰዓት አፈር ይለብሳል። አያ ጓዴም ሊለብስ ነው። እኔ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን እደውላለሁ፤ አይገባም፤ እነሳለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ አልተፈጠረልኝም። እሱ ነበር ሊያስተምረኝ የሞከረው፣ ያውም በውሃ ውስጥ።

ያወቅሁት ጅቡቲ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት መቀመጥ ሲያንገሸግሸኝ በአንዲት ዘመዴ በኩል ወረድኩና ባሕር ላይ ምግብ አብሳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። መርከቧ የእንጨት ናት፣ ሳንቡክ ይሏታል። ድሮ ተምርና ቆዳ ትጭን የነበረ ዓይነት ናት፤ ሆዷ ሰፊ፣ አፍንጫዋ ሹል። አሁን የምትጭነው ፈረንጅ ነው። ሳምንት ሙሉ እላይዋ እየበሉ፣ እላይዋ እያደሩ፣ ቀን ቀን የአየር ቦምቦላ በጀርባቸው አዝለው እየጠለቁ ዓሣ ያያሉ። ዓሣ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ! መጀመሪያ እብደት መስሎኝ ነበር። አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

እነሱን ይዞ የሚጠልቀው አያ ጓዴ ነበር። የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ሆኖ ምጽዋ ባሕር ኃይል ገባ፤ መጥለቅ እዚያ ተማረ። ወታደርነቱ ሲቀር ባሕሩ አልቀረም። ካፒቴኑ ሐመዱ ድሬዳዋ ያደገ የጅቡቲ ሰው ነው፤ አማርኛው ፈጣን፣ ምላሱም ክፉ። «ድብ ባሕር ሲሉ ባሕር ያለ መስሎኝ ነበር» እያለ ያሾፍበታል። አያ ጓዴም ሳይስቅ «አለ እንጂ፤ የገብስ ነው። ነፋስ ሲመጣ እሱም ማዕበል አለው» ይለዋል።

አጭር ነው፤ ጺሙ ገብስማ። ግራ እግሩ ይጎተታል። ከመርከቧ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ አንድ እግሯን የታሰረች ዶሮ ይመስላል። ውሃ ከገባ ግን ያ እግር የት እንደሚገባ እንጃ! ወርዶ የሚንሳፈፈውን ሰው ቅድም ደረጃ ሲወርድ ያየሁት ሰውዬ ነው ብሎ ማመን ይቸግራል። ሁዳዴ ሲገባ ዓሣ አይበላም ነበር። «ቀኑን ሙሉ ስጎበኛቸው ውዬ ማታ ልብላቸው?» ይላል።

አንድ ምልክት አለው። መዳፉን ዘርግቶ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ይጫናል፣ የሚቦካ ሊጥ ላይ እንደማሳረፍ። «ቆይ» ማለቱ ነው። ውሃ ውስጥ ሰው ሲደነግጥ ያችን ያሳያል። መሬት ላይም ያችኑ ያሳያል፦ ወጥ ሳይበስል ሳወጣ፣ ከሐመዱ ጋር ስጣላ፣ ስልክ ላይ ስጮህ። መዳፉን ባየሁ ቁጥር ይበልጥ እናደድ ነበር።

አንድ አባባልም ነበረው። «ባሕር እንግዳውን ሳያሳድር አይሰድም።» ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥልቅ የወጣ ሰው ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈርም፣ ተራራም አይወጣም። እታች ሆኖ የተነፈሰው አየር ደሙ ውስጥ ታምቆ ይቆያል፤ ተረጋግቶ ከተቀመጠ ቀስ እያለ ይወጣለታል። ቸኩሎ ከፍታ ከወጣ ግን እንደተናጠ ለስላሳ ደሙ ውስጥ አረፋ ይገነፍላል። ያ አረፋ ያሽመደምዳል፣ ይገድላል። አንድ ቀን ማደር ግድ ነው፤ በጣም ጠልቆ ለቆየ ደግሞ ሁለት።

አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ፈረንጅ ከሰዓት አውሮፕላን እያለው ጧት ልጥለቅ ብሎ ድርቅ አለ። ሐመዱ ሰውየው እንዳይከሳቸው ፈርቶ «ለአፍታ አስገባው፣ ይብረድለት» አለ። አያ ጓዴ ሄዶ ቦምቦላዎቹ ላይ ቁጭ አለ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው «አንተ ገንዘብ ከፍለሃል፣ እኔ እግር ከፍያለሁ» አለው። ልጁ የሚጎተተውን እግር አየና ሹልክ ብሎ ሄደ።

እግሩን የከፈለው ለአባቱ ቀብር ነው። ይህን የነገረኝ ዋና ሊያስተምረኝ በሚታገልበት ሰሞን ነው፤ ማንንም አስተምሮ ሲታክተው አላየሁም። ገና ወጣት ሳለ ታላቅ እህቱ እትዬ ይታይሽ «አባባ አርፏል፣ ድረስ!» ብለው ላኩበት። ያን ቀን ጥልቅ ገብቶ ነበር፤ ሕጉንም ያውቃል። ግን ልጅ ነው፣ አባቱ ነው፤ በረረ። ጎንደር ሲደርስ ክርኑን ይቆረጥመው ጀመር። መኪናው አምባ ጊዮርጊስን ሲወጣ ግራ እግሩ ደንዝዞ አልታዘዝ አለው። ከመኪናው በሰው ትከሻ ወርዶ አባቱን ቀበረ። የአገሩ ሰው መጋኛ መታው ብሎ ጠበል ለጠበል አዞረው።

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ድረስ ብላ የጠራችኝ ይታይሽ ናት። እኔ ነኝ ያሽመደመድኩት እያለች ትኑር? መጋኛ ይሸከመው፤ መጋኛ ትከሻው ሰፊ ነው።»

እኔንም አንድ ቀን ይዞኝ ጠለቀ። እታች ሆኜ መነጽሬ ውስጥ ውሃ ሲገባ ደነገጥኩና ወደ ላይ ተወረወርኩ። ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ረገጥኩት፤ አለቀቀኝም። ስቦ ፊቱ ፊት አመጣኝ። መዳፉን እንደ ቄስ መስቀል አናቴ ላይ አሳርፎ እስክረጋ ድረስ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ብርሃኑ እላዬ ላይ ይታየኛል፣ አየሩ እዚያው ነው፣ ይህ ሰውዬ ግን ቆይ ይለኛል። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ስንወጣ «አንቺ ልጅ፣ የሚገድልሽ ታች ያለው አይደለም፤ አወጣጥሽ ነው» አለኝ።

አሁን መጥፎ ስም ወዳተረፈባት ቀን ልምጣ።

ነፋስ ነበር። እነሱ ጠልቀዋል፣ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ዓይኔ ግን ከውሃው አይነቀልም። «አረፋውን እይ፤ አረፋ ካለ ሰው አለ» እያለ ያስለመደኝ እሱ ነው። ድንገት አንዱ አረፋ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ገደሉ፣ ውሃው ወደሚጠቁርበት ሄደ። ወዲያው ሌላ አረፋ ተከተለው። ከዚያ ማዕበሉ ሁለቱንም ሰወራቸው።

«ሐመዱ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይቻለሁ።» የመርከቧን መሪ አንቆ ይዟል። ያ ምላሱ ዛሬ የለም።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አንዲት ሸምገል ያለች ሴትዮና አያ ጓዴ የሉም። ባሏ እየተንቀጠቀጠ ስሟን ይጠራል። መክተፊያዬን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከመርከቧ አጠገብ አረፋ ታየ፤ አንድ ትልቅ አረፋ፣ የሁለት ሰው። እዚያው ከውሃው ፊት በታች ቆሙ፤ አይወጡም። ባልዬው ሊዘልል ሲል ሐመዱ በቀበቶው ያዘው። «አታስፈራቸው! አየሩ ከደማቸው እስኪወጣ እያቆያት ነው!»

ሲወጡ ሴትዮዋ ታለቅሳለች፣ አያ ጓዴ አፍንጫው ይደማል። የሷ አየር አልቆ በሱ ቦምቦላ ነበር የተነፈሱት። ሳንቃው ላይ በጀርባው ተዘረረና «እመቤት፣ ውሃ» አለኝ። ጠጥቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ሰማይ ሰማዩን እያየ «ዛሬ ባሕር ከልክ በላይ አበላኝ። ሁለት ቀን አልነሳም» አለ።

ወደ ወደቡ ስንቀርብ ኔትወርክ መጣ። ስልኩ ተንጫረረ። ጆሮው ከጥልቀቱ የተነሳ ስለማይሰማ ድምፁን ከፍቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠው፤ ሁላችንም ሰማን።

«ጓዴ! የት ጠፋህ? እማማ አለፈች! ዛሬ ጧት!»

ዓይኑን ጨፈነ።

«ትሰማኛለህ? ካህናቱ መጥተዋል። ‹ልጇ ሳያያት አፈር አትገባም፣ እናሳድራት› ብለናል። ነገ በጧቱ በረህ ከሰዓት ትደርሳለህ።»

«ይደርሳል!» አልኩ እኔ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ።

መዳፉ ወደ እኔ ተዘረጋ። «ይታይሽ፣ ነገ አልደርስም።»

«ምነው?»

«ከባሕር ወጥቼ ነው።»

«ከወጣህማ ሸጋ! ከወጣህ ና እንጂ!»

«ከባሕር የወጣ ቶሎ ደጋ አይወጣም፣ እህቴ። ከነገ ወዲያ ነው መነሳት የምችል።»

«ሬሳ እስከዚያ ይቆያል? አብደሃል? ደጅ ሰው ሞልቷል። ምን ልበላቸው? ንገረኝ፣ ምን ልበላቸው?»

ያን ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር የመርከቧ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል።

«ቅበሯት።»

መስመሩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አላውቅም።

እኔ ፈነዳሁ። «ምነው አያ ጓዴ! ድንጋይ ነህ እንዴ? እናትህ እኮ ናት!»

ሐመዱም «ወላሂ፣ እኔ ብሆን እበራለሁ» አለ።

«በርሬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሁለተኛ ሬሳ ልሁን?» አለው አያ ጓዴ። «ለቀስተኛው ወደ የትኛችን ይሂድ?»

ተነስቶ ከቦርሳው ነጠላውን አወጣ፤ ለሐዘን አዘቅዝቆ ለበሰ። ከዚያ ፓስፖርቱን ሰጠኝ። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ።» የመርከቧ አፍንጫ ላይ ፊቱን ወደ ምድሩ አዙሮ ተቀመጠ። እንባ አልወጣውም። እዚያው አደረ።

በማግስቱ ጧት ፀሐይ ሳይከር ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ስጪኝ።»

«ምን?»

«ስጪኝ አልኩሽ! ገና አልቀበሯት ይሆናል። ይታይሽን አውቃታለሁ፤ ትጠብቀኛለች።»

እኔ ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ስሰድበው ያደርኩ ነኝ፤ ሂድ ስል የነበርኩ እኔ ነኝ። ፓስፖርቱን አውጥቼ ዘረጋሁለት። «እንካ፣ ሂድ!» እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ፓስፖርቱን ነኩት። ከዚያ መዳፉ በአየር ላይ ተገለበጠ፤ ቀስ ብሎ ወደ ታች ተጫነ። ለእኔ አልነበረም። ለራሱ ነበር። ተመልሶ ሄዶ ተቀመጠ። ከሰዓት በፊት አውሮፕላኑ ከላያችን አልፎ ሲሄድ ቀና ብሎ እስኪጠፋ አየው።

በሦስተኛው ቀን አብረን በረርን፤ እኔ ሥራውን ልተው አስቤ ስለነበር ለመሄድ ሰበብ አገኘሁ። ድብ ባሕር ስንደርስ ከመንገዱ ጀምሮ ‹እናቴ! እናቴ!› እያለ በዚያ እግሩ ማሳውን ወጣ። አገሩ ላይ ለቀስተኛ ሲመጣ ዳስ ውስጥ ያለው ተነስቶ እያለቀሰ ይቀበለዋል። ማንም አልተነሳም። ከእነሱ ፊት ቆሞ ብቻውን አለቀሰ። እትዬ ይታይሽ ፊታቸውን ወደ ምሰሶው አዙረዋል። የአንድ ሰው ልቅሶ እንደዚያ ባዶ ሆኖ ሲሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የቤቱ የነፍስ አባት ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። «ልጄ፣ ምነው ዘገየህ?»

«አባ፣ ደሜ ውስጥ አየር ነበር።»

ከወንዶቹ አንዱ «ጎማ ነው እንዴ?» አለ። ከኋላ ሣቅ ታፈነ።

«ቅበሯት ብሎ ያዘዘን ሰው ነው» አሉ እትዬ ይታይሽ፣ ከምሰሶው ሳይዞሩ። «አሁን ምን ሊቀብር መጣ?»

እኔ ይህን ቁጭ ብዬ ልስማ? ተነሳሁ። አጠገቤ ያለውን የለስላሳ ጠርሙስ አንስቼ ናጥኩና «ይኸውላችሁ፣ ደሙ እንደዚህ ነበር!» ብዬ በጥርሴ ከፈትኩት። አረፋው የቄሱን ጥምጣም፣ የዚያን ቀላጅ ሰውዬ ጉልበት፣ የእትዬ ይታይሽን ነጠላ አለበሰ። ሴቶቹ አማተቡ። «ከየት ያመጣት እብድ ናት?» አለች አንዷ።

እግሩን ልናገር፣ የአባቱን ቀብር ልናገር፣ «ያች መጋኛ ያላችኋት...» ብዬ ልጀምር አፌን ስከፍት ያ መዳፍ ታየኝ። መዳፉ ዝቅ አለ፣ ጠርሙሱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። እሱም ዳሱ ጫፍ ላይ፣ ከድንጋይ አጥሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ ሰው አፍ «ቅበሯት ያለው» ሆነ። ጎንደር ወርዶ ቁስቋም አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየ። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ፒያሳ ሱቄ እየመጣ ለደንበኛ ስቸኩል መዳፉን ያሳየኛል። እህቱን በክፉ አያነሳም።

ዘንድሮ ጉበቱ ታመመ። ሆስፒታል ሲተኛ እምቢ ቢለኝም እኔ ነኝ ወደ ድብ ባሕር መልእክት የላክሁት። እትዬ ይታይሽ መጡ፤ ከአልጋው ራቅ ብለው ቆሙ። ሐኪሙ ሲመረምረው ግራ እግሩን ዳሰሰና «ይሄስ መቼ ጀመረህ?» አለው። አያ ጓዴ ወደ እህቱ አየ፣ ወደ ጣራው አየ። ለሐኪም ደግሞ አይዋሽም ብሎ ያምናል። «አባቴን ልቀብር ስቸኩል። ከባሕር ወጥቼ ሳላድር ስለበረርኩ» አለ በለሆሳስ። ሐኪሙ ጽፎ ወጣ። እትዬ ይታይሽ ኮሪደሩ ላይ ወጡና ግድግዳ ተደግፈው ረዥም ጊዜ ቆዩ። ሲመለሱ የጋቢውን ጫፍ አንስተው ያን እግር ሸፈኑት። በሳምንቱ ይዘውት ወደ ድብ ባሕር ወጡ፤ «ቤቱ እያለ ኪራይ ቤት አይሞትም» አሉ።

ይኸው ሞተ። እኔም መናኸሪያ ተቀምጬ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አሁን ግንዘቱ ተጀምሯል እላለሁ፤ አሁን ተነሥቷል፤ አሁን በማሳው ጠርዝ ይዘውት ይሄዳሉ። ድንገት ስልኩ ገባ።

«እትዬ፣ እመቤት ነኝ።»

«የት ደረስሽ?»

«ጎንደር ነኝ። መንገዱ ዝግ ነው። ዛሬ አልደርስም።»

ከበስተጀርባቸው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ልቅሶው ቆሟል።

«እና ምን እናድርግ?»

ማለት የነበረብኝን አውቀዋለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ እሱ የዚያን ቀን ሳንቃ ላይ ተጋድሞ፣ አፍንጫው እየደማ ያላት። አፌን ከፈትኩ። እሷን ትቼ ሌላ ቃል ፈለግሁ። ያን ቃል ከየት ፈልቅቆ እንዳወጣው ያኔ ገባኝ፤ ባሕሩ ውስጥ ካየው ጥልቅ ሁሉ ያ ይበልጣል።

«እትዬ... እንግዲህ...»

«ማን ቅበሩት በይ አለሽ?» አሉ ቆጣ ብለው። «ጧትም ልነግርሽ ስል ስልኩ ሞተ። ባሕር እንግዳውን ሳያሳድር አይሰድም ትሉ የለ? እኛ ከባሕር እናንሳለን? እናሳድረዋለን። ካህናቱም እሺ ብለዋል፤ ደጋው ብርድ ነው፣ አይጎዳውም።»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ትሰሚኛለሽ? መንገዱ ሲከፈት ቀስ ብለሽ ነይ። እንዳትሮጪ። ለአባቴ ጊዜ እኔ ነኝ ያስሮጥኩት።»

ዘጋች። «አንቺ» አልኳት በልቤ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ተራ አስከባሪው ወንበሩን እየሰበሰበ መጣ። «አንቺ፣ ዛሬ መኪና የለም አልኩሽ እኮ። ምነው አትሄጂ?»

እጄ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ መዳፌ ወደ ታች።

«አልቸኩልም» አልኩት። «ነገ እስኪከፈት አድራለሁ።»